አርፍዶ የሚመጣ አባት

ሰዒድ ሲሞት ትልቋ ልጁ ለይላ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ትንሹ ሙክታር ገና አራት አልሞላውም። ሰዒድ በሆሳዕናና በቦኖሻ መካከል የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። በዚያ ክረምት በቆሎ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠና ከነረዳቱ በዚያው ቀረ።

ሚስቱ ዘምዘም ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቦኖሻ ላይ የሚያቆያት ነገር አጣች። መሬቱ የባሏ ወንድሞች ነው፤ ቤቱም የእነሱ ነው። ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ሆሳዕና ገባች፤ ጎፈር ሜዳ አንዲት ክፍል ተከራይታ በርበሬ እየቸረቸረች መኖር ጀመረች። ሙክታርን ወባ አልለቀው ብሎ ነበር። ትኩሳቱ ሲነሳበት በርበሬው ጆንያ ላይ አስተኝታው ትሸጣለች፤ ልጁ በእንቅልፉ ያስነጥሳል፣ ያለቅሳል። ለይላ ከትምህርት ቤት እየቀረች ታዝለው ነበር።

ምስክር የሚባለው ሰው ገበያ ውስጥ ያገኛት በዚህ ጊዜ ነው። ምስክር ለአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ልጅ የሚያፈላልግ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሀድይኛም አማርኛም እንደ ውኃ የሚናገር ሰው ነበር።

«ዘምዘም፣ ልጁን እኮ ስጪ አላልኩሽም» አላት። «አስተምሪው ነው ያልኩሽ። ጣሊያን አገር ደግ ባልና ሚስት አሉ። ያሳክሙታል፣ ያስተምሩታል፣ በየዓመቱ ፎቶ ይልኩልሻል። ሲጎለምስ አንቺው ዘንድ ይመለሳል።»

«አደራ ነው?» አለችው።

«አደራ ነው።»

ቢሮ ወስዷት በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ በአውራ ጣቷ አስፈረማት። ዘምዘም ማንበብ አትችልም፤ አማርኛዋም ከገበያ አማርኛ አያልፍም። ወረቀቱ ሙክታር አባትም እናትም የሌለው መሆኑን፣ እሷም አክስቱ መሆኗን የሚገልጽ እንደሆነ ማንም አልነገራትም። አንድ ነጭ መኪና መጣ። ለይላ ወንድሟን የራሷን ሹራብ አልብሳ ወደ መኪናው አደረሰችው። ሹራቡ ስለሚሰፋው እጅጌው እየተጎተተ ነበር። ሙክታር መኪና ላይ መውጣቱ ደስ ብሎት እጁን እንኳ አላወዛወዘላቸውም።

አንድ ፎቶ መጣ፤ ሙክታር በረዶ ውስጥ ቆሞ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣም። ዘምዘም ማሳደጊያው በር ላይ እየሄደች ብዙ ጠበቀች፤ አንድ ቀን ስትሄድ ግን ማስታወቂያው ተነቅሎ፣ ግቢው ለሲሚንቶ መጋዘን ተከራይቶ አገኘችው። ምስክርም ከከተማው ጠፋ።

ለይላ እንግሊዝኛን የተማረችው ለወንድሟ ብላ ነው። ያኔ ፈረንጅ ሁሉ እንግሊዝኛ የሚናገር ይመስላት ነበር። ሙክታር አንድ ቀን ሲመለስ ሀድይኛውም አማርኛውም ጠፍቶበት እንደሚመጣ ገምታ፣ ቢያንስ እኔ ላነጋግረው ብላ እንግሊዝኛን እንደ ስለት ያዘችው። መምህራን ኮሌጅ ገብታ ጨረሰች፤ እዚያው ሆሳዕና የአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህርት ሆነች። ባል መጥቶላት ነበር፤ እናቷን ብቻዋን ጥላ መሄድ አልሆነላትም።

ሳህሉ በራቸውን ያንኳኳው ሙክታር ከሄደ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሆነው ሲል ነው። ሳህሉ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ለማደጎ ወደ ውጭ የተላኩ ልጆችን ቤተሰብ የሚያፈላልግ ጎልማሳ ነበር፤ ከጣሊያን ሚስዮኖች ጋር ስላደገ ቋንቋቸውን ይችላል። ስልኩን አውጥቶ የአንድ ፂማም ወጣት ፎቶ አሳያቸው።

«ስሙ አሁን ሉካ ነው። ብሬሻ የምትባል ከተማ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ይሠራል። ቤተሰቤን ፈልጉልኝ ብሎ ነው።»

ዘምዘም ፎቶውን አየችና «ይህ ሰዒድ ነው» አለች።

ዕለቱን በቪዲዮ ተደወለ። ወጣቱ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ዘምዘም በሀድይኛ ታወራለት ጀመር። እሱ ዓይኑን አፍጥጦ ያዳምጣል፤ አንዲት ቃል አልገባውም። ፊቱን ለመዳሰስ እጇን ሰደደች፤ ጣቷ ስልኩን ነካውና መስመሩ ተቋረጠ። ሳህሉ መልሶ እስኪደውል ድረስ ዘምዘም ልጇን ዳግመኛ በገዛ እጇ ያጣች መስሏት እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«እናትህ ሞታለች ብለውኝ ነበር» አለ ሉካ። ሳህሉ አስተረጎመ።

ዘምዘም ወደ ሳህሉ ዞረች። «ማን ገደለኝ?» አለችው።

ሳህሉ የሚያፈላልጋቸው ሌሎች ብዙ ቤተሰቦች ስላሉ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መጻጻፉ ለለይላ ቀረ። ሉካ እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ጥሎት ነው የወጣው፤ ከሰላምታ አያልፍም። ለይላ በአማርኛ እየጻፈች በስልኳ ማስተርጎሚያ ወደ ጣሊያንኛ ታስገለብጠው ጀመር። የእናቷን «ሆዴ በናፍቆት ተቃጠለ» አንድ ቀን ላከችለት። ሉካ ለጨጓራ የሚሆን የመድኃኒት ስም ጽፎ መለሰላት።

ሳህሉ ይህን ሲሰማ በስልክ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና «አማርኛው አያዋጣሽም፤ በእንግሊዝኛ ጻፊውና ቃል ቃሉን ወደ ጣሊያንኛ መልሺው» አላት። ከእንግሊዝኛ ወደ ጣሊያንኛ የሚተረጉም የኪስ መዝገበ ቃላትም በሚኒባስ ሾፌር ላከላት።

ከዚያ ወዲያ ለይላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥራዋ ይኸው ሆነ። ዘምዘም በሀድይኛ ትናገራለች፤ ለይላ በአማርኛ አስባ በእንግሊዝኛ ትጽፈዋለች፤ ከዚያ መዝገበ ቃላቱን እያገላበጠች ቃላቱን አንድ በአንድ ጣሊያንኛ ታለብሳቸዋለች። ከእናቷ አፍ ሞቆ የወጣው ነገር እዚያ እስኪደርስ ቀዝቅዞ፣ አጥሮ፣ የደብዳቤ አርእስት መስሎ ይቀርባታል። ቢሆንም ትልከዋለች። ሉካም ይመልሳል።

አንድ ቀን የፈሩትን ጠየቀ። እኔን ሰጥተው አንቺን ለምን አስቀሩሽ? ለይላ ይህን ለእናቷ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጀባት። ዘምዘም በርበሬዋን መልቀሟን ሳታቋርጥ «አደራ ብዬ ነው በይው» አለች። ሀድይኛዋ መሀል አማርኛውን ቃል እንዳለ ነበር ያስገባችው።

ለይላ አደራን በእንግሊዝኛ ፈለገች፤ ከ«ትረስት» የተሻለ አላገኘችም። መዝገበ ቃላቱ ትረስት እምነት ነው ይላል። እናም «እናታችን እምነት አላት» ብላ ላከች።

«በማን ላይ?» ብሎ መለሰ ሉካ።

ለይላ ጥያቄውን አስተረጎመች። «በሰው» አለች ዘምዘም።

ቀጥሎ ስለ አባቱ ጠየቀ። መልኩን፣ ሥራውን፣ ጠባዩን ሁሉ ንገሪኝ አላት። ለይላ በዚህ ደስ አላት፤ ስለ ሰዒድ ማውራት የሚያሳፍር ነገር የለበትም። እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብላ ከእስካሁኑ ሁሉ ረጅሙን ጻፈች። በእንግሊዝኛ የሞተ ሰው በክብር ሲጠራ «ሌት» ይባላል፤ ኮሌጅ ተምራዋለች። «ሌት አባታችን» ብላ ጀመረች። ይኸው ቃል ግን «የዘገየ» ማለትም ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው ጣሊያንኛ የዚህኛው ነበር። እሷም የመጀመሪያውን ወሰደች። በዚያ ላይ ያኔ በጣሊያንኛ የምታውቀው የአሁን ጊዜን ግስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሉካ የደረሰው መልእክት እንዲህ የሚል ነበር፤ «አርፍዶ የሚመጣው አባታችን በጣም ይወድሃል። አይሱዙ ይነዳል። አንተን ትከሻው ላይ ያወጣል። ይዘፍናል።»

መልእክቱ ከሄደ በኋላ የከተማው ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለቀናት ቆይቶ ሲመለስ የለይላ ስልክ መንጫጫት ጀመረ። ሉካ ደጋግሞ ጽፏል። አባቴ አለ? የት ነው ያለው? መንገድ ላይ ነው? ሲገባ በማንኛውም ሰዓት ደውሉልኝ። ሥራ ቦታ ለሁሉም ነገርኳቸው። ያሳደገኝ አባቴም ደስ ብሎታል፣ ሊያናግረው ይፈልጋል። በድምፅ የላከውም ነበር፤ ከምትሰማው ከግማሽ በላዩ ባይገባትም ሳቁ ይሰማ ነበር። ሉካ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም።

ስህተቷ የት ላይ እንደሆነ እስክታገኘው ድረስ መልእክቱን ደጋግማ አነበበች። ስታገኘው መዝገበ ቃላቱን ዘጋችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፈች። አባታችን ሞቷል።

ወዲያው ደወለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «መቼ?» አለ። «ዛሬ?»

ለይላ ቁጥሩን በጣሊያንኛ ማግኘት አቃታት። በጣቷ ልታሳየው ሞከረች፤ አሥር፣ ከዚያ ሰባት። ሉካ ጣቶቿን አያቸው። ቀስ እያለ፣ እሷ እንድትሰማው ቃል በቃል ተናገረ። «እነሱ እናቴን ገድለው ነበር፤ ተነሣች። አንቺ አባቴን አስነሣሽው፤ ገደልሽው።» ይህን ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለጋትም። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የምትጽፈው ሁሉ አልደርስለት አለ፤ ዘግቷታል።

ለይላ ለእናቷ እውነቱን አልነገረቻትም። «ኔትወርክ የለም» አለቻት።

ዘምዘም በየቀኑ ከገበያ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ «ተስተካከለ?» ትላታለች።

«ገና ነው፣ እማ።»

ወራት አለፉ። ዘምዘም እግሯ ማበጥ፣ ፊቷ ማበጥ ጀመረ። ሐኪም ቤት ስትመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቿ ደክመዋል ተባለ። ለይላ ለሳህሉ ደውላ አለቀሰች። ሳህሉ ለሉካ ጻፈለት፤ መልሱንም ሳይሸፋፍን አነበበላት። «እውነት ነው ወይስ እንደ አባቴ ነው? ያሳደገችኝ እናቴ፣ ታመናል ብለው ሲጽፉ ተጠንቀቅ ብላኛለች። ፎቶ ይላክልኝ።»

ለይላ እናቷን አልጋ ላይ ፎቶ አነሣቻት። «ለማን ነው?» አለች ዘምዘም።

«ለሙክታር።»

«ኔትወርኩ መጣ?» ብላ ዘምዘም ሻሿን ልታስተካክል እጇን አነሣች፤ እጇ አልደርስላት ሲል ለይላ አስተካከለችላት።

ፎቶውን ያየ ዕለት ሉካ የዘጋውን ከፈተ። በነሐሴ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እመጣለሁ ብሎ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠ። ዘምዘም ይህን ሰምታ አንድ ሳምንት ያህል ምግብ ቀመሰች። ከጎረቤት ሰው ሲጠይቃት «ልጄ መንገድ ላይ ነው» ትላለች። በሐምሌ አጋማሽ ማለዳ ላይ አረፈች፤ በዚያው ቀን ከአሥር ሰዓት በፊት ተቀበረች።

ለይላ ለወንድሟ የጻፈችው አራት ቃል ነበር። በዚህ ጊዜ አልተሳሳተችም፤ ግሱንም የኃላፊ ጊዜ አድርጋ በትክክል ጻፈችው። እሱ ሲደውል ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበረው። ነገ እንዳይቀብሯት፣ ዛሬውኑ ትኬቱን ቀይሬ እመጣለሁ አላት።

«ተቀብራለች» አለችው።

«ልትጠብቁኝ አልቻላችሁም?»

በእኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ ማክበር ማለት ማፋጠን ነው ልትለው ፈለገች። የሃይማኖቱን፣ የልማዱን ቃል አንዱንም በጣሊያንኛ አታውቅም ነበር። «አንጠብቅም» አለችው። ምን ያህል ጨካኝ ቃል እንደሆነ የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

በነሐሴ መጣ። ሳህሉ ከአዲስ አበባ ይዞት ሲደርስ ዝናብ እየጣለ ነበር። ሉካ ረጅም ነው፤ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ለይላ ትከሻውን ልትስመው ስትጠጋ እሱ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሊያቅፋት ሲል እሷ እጇን ዘርግታለች። ሳህሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሉካ የእናቱ አልጋ ላይ ተቀመጠና ከሱሪው ጉልበት ላይ የሌለ አቧራ እያራገፈ ክፍሉን ሲቃኝ ቆየ።

መቃብሩ ጋ ሄዱ። አዲሱ አፈር በዝናቡ ሰጥሟል፤ ገና ሣር አልበቀለበትም። «ስሟ የለም?» አለ። ለይላ በኋላ ድንጋይ እንደሚተከል ልትነግረው ሞከረች፤ «በኋላ» የሚለውን ብቻ አለችው። ሉካ አንገቱን ነቀነቀ። ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ አማተበ፤ ከዚያ ያለበትን ቦታ አስታውሶ ደንግጦ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ለይላ እንዳላየች ሆነች።

በማግስቱ የአባታቸውን መቃብር ሊያሳዩት ቦኖሻ ወረዱ። አጎታቸው ፈትሁዲን፣ የሰዒድ ታላቅ ወንድም፣ ዘመድ ሰብስቦ ጠበቃቸው። ሽማግሌው ሉካን አንገቱን ይዞ አለቀሰ፤ ልቅሶው የውነት ነበር። ከመቃብሩ ሲመለሱ በግ ታርዶ ተበላ። ሉካ ቆጮውን በሥጋ እየጠቀለለ ሲበላ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ከምሳ በኋላ ሳህሉ ስልክ ሊያናግር ወጣ ሲል ፈትሁዲን የመጨረሻ ልጁን ጎትቶ አመጣና ሉካ ፊት አቆመው። ለለይላም በሀድይኛ «ንገሪው» አላት። «ይህ ወንድሙ ነው። እሱ ሰው ሆኗል፤ ይህንንም ወደ ጣሊያን ይውሰድልኝ። አደራ በይው።»

ሉካ ወደ ለይላ ዞረ። «ምን አለ?»

ለይላ የተጠየቀችው ቃል ሁሉ ነበራት። መውሰድንም፣ ወንድምንም ታውቃለች። «እንኳን ደህና መጣህ ነው የሚለው» አለችው።

«ጣሊያን ሲል ሰማሁት።»

ለይላ የበላበትን ሳህን አነሣች።

«ለይላ» አለ፤ በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። «ደግሞ አትዋሺኝ።»

እውነቱን ነገረችው። ሉካ ልጁን አየው፤ ቀጥሎ ፈትሁዲንን አየው። የተቆጣ አይመስልም ነበር። «አራት ዓመት ስንት ዓመት እንደሆነ ያውቃል? ያኔ ቋንቋ ነበረኝ። ለአንድ ዓመት ያህል ማንንም ሳልሰማ፣ ማንም ሳይሰማኝ ኖርኩ። ከዚያ ቋንቋዬ ሄደ። ይህን ንገሪው።»

ለይላ የገባትን ያህል ነገረችው። ፈትሁዲን ጺሙን እየዳሰሰ አዳመጠና «አሁን ግን ደህና ነው አይደል?» አለ። ይህን አላስተረጎመችም፤ ሉካም አልጠየቃትም።

ሉካ ሊቆይ ካሰበው ቀን በፊት ሄደ። መኪናው ሲነሣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ተናገራት፤ ዝናቡና ሞተሩ ዋጡት። ደግመህ ንገረኝ አላለችም። አሁን አልፎ አልፎ ይጽፍላታል። የሚበላውን ምሳ፣ የሚኖርበትን ጎዳና ፎቶ ይልካል። እሷም የትምህርት ቤቱን ግቢ ትልክለታለች። ስለ እናታቸው አንዳቸውም አያነሱም።

ለይላ ጣሊያንኛ ማወቋ በሳህሉ በኩል ተሰማ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዶዮገና፣ ከሙዱላ፣ ከሻሾጎ ገጠሮች ስልካቸውን በመሐረብ ጠቅልለው የሚመጡ እናቶች አሉ። የሚሉትን በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ ወደ ጣሊያንኛ ትመልሳለች፤ ከዚያ ጣሊያንኛውን እንደገና ወደ አማርኛ መልሳ ለራሳቸው ሳታነብላቸው አትልክም። አንዳንዶቹ መዘግየቷ ያበሳጫቸዋል። ታግሰው እንዲጠብቁ ታደርጋቸዋለች።

ባለፈው ወር ገነቴ የምትባል የዶዮገና ሴት መጣች። ልጇ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጣሊያን ነች፤ ለተላከላት መልእክት የመጀመሪያ መልስ ጽፋለች። ገነቴ ለብቻዋ አልመጣችም፤ እህቷንም ጎረቤቷንም አስከትላ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ለይላ መልእክቱን አነበበችው። አጭር ነው። እባካችሁ ከእንግዲህ አትጻፉልኝ፤ ሕይወት አለኝ፣ እዚህ እናት አለችኝ ይላል።

«ምን አለች?» አለች ገነቴ።

ለይላ ሦስቱን ሴቶች አየቻቸው። እንዳለ ነገረቻት፤ አንድም ቃል አልጨመረችም፣ አንድም አላስቀረችም።

እህቲቱ አፏን በመዳፏ ያዘች። ገነቴ ስልኩን ከለይላ እጅ ተቀብላ ማንበብ የማትችለውን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ይህን የጻፈችው ራሷ ናት?» አለች በመጨረሻ።

«ራሷ ናት።»

«እንግዲያው በሕይወት አለች ማለት ነው?»

«አዎ፣ አለች።»

ገነቴ ስልኩን በመሐረቡ መልሳ ጠቀለለችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። መኪና እንዳያመልጣቸው ተነሡ።